የብሎካችን ሰው ሁሉ የጻፈው ስዕል

ልባችሁ እንዲያርፍ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም አይሞትም፣ ማንም አይታሰርም። ታሪኩ ስለ አንድ ክፍል ነው። የተፈጸመውም ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሁድ ምሳ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ግን ከዚያ እሁድ ወዲህ እኔ የድሮዋ ረድኤት አይደለሁም፤ ይኸው ለማላውቃችሁ ሰዎች ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው።

የድሮዋ ረድኤት ማን ነበረች? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከእናቷና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር የምትኖር፣ ሰው ፊት ስትቆም ድምጿ የሚጠፋባት ልጅ። መጻፍ እወድ ነበር። ነገር ግን መጻፍ ማለት ቃል መቆለል ይመስለኝ ነበር። "ፀሐይ ወጣች" ብዬ አልጽፍም፤ "ወርቃማዋ የንጋት ጮራ ፈነጠቀች" ካላልኩ የጻፍኩ አይመስለኝም። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ሲመልሱልኝ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ "ምን ለማለት ነው?" ብለው ይጽፉበታል። እኔ ደግሞ ስላልገባቸው አዝንላቸዋለሁ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ኮሚናልን ያውቃታል። ለማያውቅ ግን በብሎኮቹ መሀል ለጋራ ተብላ የተሠራች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች ረዘም ያለች ቤት ናት። በዓል ሲደርስ በሬና በግ ይታረድባታል፤ ሰው ሲሞት ለቅሶ ይቀመጡባታል፤ ድግስ ሲኖር ድስት ይጣድባታል። በፋሲካ እኛ፣ በአረፋ እነ ጓደኛዬ ፈቲያ፣ ተራ በተራ። በተረፈው ቀን ሁሉ ባዶዋን ናት። እኔና ፈቲያ፣ ከሌሎች ብሎኮች ከሚመጡ ልጆች ጋር፣ የምናጠናው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ ማጥናት አይታሰብማ! አንዱ ወንድሜ ቴሌቪዥን ያስጮሃል፣ አንዱ ኳስ በግድግዳ ይመታል፣ እማዬ በስልክ ከአክስቴ ጋር ትሳሳቃለች። ማትሪክ ደግሞ በር ላይ ቆሟል።

ቅዳሜ ጠዋት ፈቲያ ከሦስተኛ ፎቅ እየሮጠች መጥታ በራችንን ደበደበችው።

"ሬዱ! ኮሚናሏን ሊያከራዩዋት ነው!"

"ለማን?"

"ለሲሚንቶ ነጋዴ። መጋዘን ሊያደርጋት ነው። ጋሽ ደምሴ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ አለ።"

ጋሽ ደምሴ የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው እኛ ነን፤ ቆሻሻ በመስኮት የጣለ፣ ምንጣፍ በረንዳ ላይ ያራገፈ ሁሉ ከእሳቸው አያመልጥም። ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ኮሚናሏን ለማከራየት ያሰቡትም የውሃ ሞተሩ ስለተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሌለ ውሃ ከምድር ቤቱ በላይ አይወጣም፤ ኪራዩ ደግሞ ሞተር ይገዛል።

"እማዬ ሰማሽ?" አልኩ ወደ ውስጥ ዞሬ። "ኮሚናሏን ሊያከራዩዋት ነው!"

"ጎሽ! ይባረኩ!" አለች እማዬ።

"እማ!"

"ምን እማ ትይኛለሽ? ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ማሽን ላይ ጎብጬ ውዬ፣ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተጋፍቼ መጥቼ፣ ጄሪካን ተሸክሜ አራት ፎቅ የምወጣው እኔ ነኝ። ወገቤ ተቆርጦ ሊወድቅ ነው።"

"የት ነው ታዲያ የማጠናው?"

"እኔ በኩራዝ ነው ያጠናሁት።"

"እማዬ፣ አንቺ የተወለድሽው መርካቶ ነው፤ መብራት ነበረ።"

"መብራት ሲጠፋ ነዋ!" አለችና ራሷም ሳቀች። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። እጇን ለኪራዩ እንደምታወጣ ነግራኝ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ያኔ ነው ነገሩ የከበደኝ። ነገ የምሟገተው ከጋሽ ደምሴ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከእናቴ ጋርም ነው።

ፈቲያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታስብ ቆየችና ስልኳን አወጣች። "ሰውን በወሬ አናሳምነውም" አለች። "ክፍሏ ቢቀባ፣ መደርደሪያ ቢገባ፣ ብንል ማን ይሰማናል? እናሳያቸው። በኤአይ ስዕል እንሥራ።"

የፈቲያ ስልክ ላይ የጻፍሽለትን ነገር ወደ ስዕል የሚቀይር አፕ አለ። እስከዚያ ቀን የተጠቀምንበት ራሳችን ላይ ዘውድ ለመድፋትና የፊዚክስ አስተማሪያችንን ግመል ላይ ለማስቀመጥ ብቻ ነበር። የሚጻፍለትን ትዕዛዝ ፕሮምፕት ይሉታል። በነጻ ስለምንጠቀም ደግሞ በቀን የሚሰጠን ጥቂት ስዕል ነው፤ ካለቀ አለቀ፣ እስከ ነገ ጠብቁ ይላል።

"አንቺ ጻፊ፣ ድርሰት የምትወጂው አንቺ ነሽ" ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

ጻፍኩ። ከልቤ ነው የጻፍኩት፦

"ጉዳዩ፦ የስዕል ትብብር ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እጅግ በጣም ውብ፣ ማራኪ፣ ዘመናዊና ለትውልድ የሚተርፍ፣ የዕውቀት ብርሃን የሚፈነጥቅበት የንባብ ክፍል ስዕል እንዲሠሩልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን። ለሚደረግልን ቀና ትብብር ሁሉ በቅድሚያ እናመሰግናለን።"

ፈቲያ አንብባው ደረጃው ላይ ተዘረረች። "ማኅተሙስ? ግልባጭ ለክፍለ ከተማው አትይም? ደሞ አንቱ ነው እንዴ የምትይው?"

"ምን ላድርግ፣ አላውቀውማ!"

ስዕሉ መጣ። እግዚኦ፣ ስዕሉ! ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ መብራቶች። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚጠመዘዝ የእንጨት ደረጃ። ነጭ ምንጣፍ። ፀጉራቸው ቢጫ የሆኑ ልጆች እግራቸውን አጣጥፈው ያነባሉ። በመስኮቱ ማዶ ደግሞ ባሕር ይታያል።

"ጀሞ ላይ ባሕር!" አልኩ።

"ምነው በእውነት በኖረና ለአራተኛ ፎቅ በቀዳን" አለች ፈቲያ።

ያም ሆኖ ያምር ስለነበር በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍነው። ከሥሩም "ኮሚናላችን እንዲህ ብትሆንስ?" ብለን ጻፍን። ከዚያ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። በሳቅ የሚያለቅሱት ቢጫ ፊቶች ዘነቡ። አንዱ ቪዛ የት ነው የሚጠየቀው አለ። ጋሽ ደምሴ በድምፅ መልእክት "ልጆች፣ ይሄ ዱባይ ነው ወይስ መንግሥተ ሰማያት? ለማንኛውም ነገ ስብሰባው ላይ እንዳትቀሩ" አሉ። ከሁሉ የገደለን ግን የእትዬ ጽጌ ጥያቄ ነው። እትዬ ጽጌ አንደኛ ፎቅ ያሉ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ፣ ለቅሶም ሠርግም ያለ እሳቸው የማይሆን እናት ናቸው። ድምፃቸው ረጋ ብሎ "እናንት ልጆች፣ በዚህ ነጭ ምንጣፍ ላይ ነው በሬ የሚጣለው?" አለ።

ፈቲያ "አጥፊው፣ አጥፊው" ስትለኝ እኔ ጥያቄውን ደጋግሜ አዳምጠው ነበር። የእትዬ ጽጌ ጥያቄ የአስተማሪዬ የቀይ እስክሪብቶ ጥያቄ ነው። ምን ለማለት ነው? ማሽኑ ምንም አላጠፋም። ውብ አልኩት፤ ለእሱ ውብ ማለት እንዲያ ነው። ዘመናዊ አልኩት፤ የሚያውቀውን ዘመናዊ አመጣ። በደረደርኩት ቃል ሁሉ ውስጥ ስለ እኛ ኮሚናል አንዲት ነገር አልነገርኩትም።

"ተነሺ" አልኳት ፈቲያን። "ሄደን እንያት።"

"አናውቃትም እንዴ? በየቀኑ የምንቀመጥባትን?"

"እናውቃታለን፤ ግን ንገሪኝ ብልሽ ምን ትይኛለሽ?"

ሄደን ቆምን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ክፍል ያን ቀን ነው ያየሁት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መሀል ላይ በሬ የሚታሰርበት የብረት ቀለበት ተቀብሯል፤ ከቀለበቱ ወደ በሩ ደም የሚወርድበት ቀጭን ቦይ አለ። በግራ ያለው ግድግዳ ከድግስ ጭስ ጠቁሯል። በረንዳዎቹን የሚያዩ ሁለት ፍርግርግ መስኮቶች አሏት። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ አሮጌ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቶቹ ትገባና ወለሉ ላይ የፍርግርጉን ጥላ ትጥላለች። ጮራ አልፈነጠቀም፤ ጥላ ነው ያለው። ጥላ ብዬ ጻፍኩ።

"ቀለበቱንም ትጽፊዋለሽ?" አለች ፈቲያ ፊቷን ቋጥራ።

"እጽፈዋለሁ።"

"የደም ቦዩንም?"

"እሱንም። እትዬ ጽጌ የሚፈልጉት እሱን ነው።"

ሁለተኛው ፕሮምፕቴ ይሄ ነበር፦ "አዲስ አበባ፣ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያለ ረዘም ያለ የጋራ ክፍል። የሲሚንቶ ወለል፣ መሀሉ ላይ የብረት ቀለበት፣ ከቀለበቱ እስከ በሩ ቀጭን ቦይ። የቆርቆሮ ጣሪያ። በቀኝ ግድግዳ ሁለት ፍርግርግ መስኮቶች፤ የከሰዓት ፀሐይ የፍርግርጉን ጥላ ወለሉ ላይ ጥላለች። በግራ፣ ከወገብ በታች አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳና የመጽሐፍ መደርደሪያ። አምስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች፣ አንዳንዶቹ ሂጃብ ያደረጉ፣ አሮጌ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያጠናሉ። በሩ ላይ ቆሞ በስልክ እንደተነሳ ፎቶ።"

የመጣውን ስናይ ሁለታችንም ጮኽን። ኮሚናላችን ናት! ተቀብታ፣ ታጥባ፣ መጽሐፍ ገብቶላት፣ ግን እሷው ናት። ፈቲያ ስልኩን ሳመችው።

እሁድ ስብሰባው እዚያው ኮሚናሏ ውስጥ ነበር። አግዳሚዎቹ ሞልተው የቀረው ሰው ቆሟል። እማዬ ከነጠላዋ ጋር ከኋላ ጥግ ይዛለች፤ እኔን ስታይ ዓይኗን ወደ ጣሪያ አደረገች። ጋሽ ደምሴ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ኪራዩ አስረዱ። እውነት ለመናገር አሳማኝ ነበር። ከዚያ "ልጆቹም ሐሳብ አለን ብለዋል" አሉ፤ እኔ ድምፄ ስላልወጣ ፈቲያ ስዕሉን ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። የሁሉም ስልክ በአንዴ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

ሁሉም ስልኩ ላይ አጎነበሰ። ከዚያ አንዲት ሴት "ውይ፣ ይቺ የእኛዋ አይደለችም እንዴ?" አለች። እትዬ ጽጌ ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው "ቀለበቷ አለች! ቦዩም አለ!" አሉ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። "ይሄ ከኋላ ያለው መስኮት ከየት መጣ?"

ሁላችንም ወደ ኋላኛው ግድግዳ ዞርን። መስኮት የለም። ስዕሉ ላይ ግን ትልቅ፣ የሚያምር መስኮት አለ። ፈቲያም እኔም አላየነውም ነበር።

"ከዚያ ግድግዳ ኋላ የሽንት ቤቱ መስመር ነው ያለው" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ልጆቹ መጽሐፍ እያነበቡ ሊያዩት ነው?" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "አያችሁ፣ ይሄ ነገር ይዋሻል። በሚዋሽ ነገር ደግሞ የጋራ ንብረት አይወሰንም።"

ሁሉም እኔን ማየት ጀመረ። እማዬም። የድሮዋ ረድኤት ብትሆን ኖሮ በር ፈልጋ ትወጣ ነበር። እኔ ግን የተናደድኩት በራሴ ነው፤ ስለ ኋላኛው ግድግዳ ምንም አልጻፍኩማ! እሱ ደግሞ ዝም ያልኩትን ቦታ በራሱ ሞላው።

"ልክ ነዎት ጋሽ ደምሴ" አልኩ። የገዛ ድምፄን ስሰማ ደነገጥኩ። "ያልነገርኩትን ከራሱ አምጥቶ ይሞላል። ስለዚህ በደንብ መንገር ነው ያለብን።"

"ጥሩ። እንግዲያው የእኔንም ሐሳብ ሣዪው" አሉ። "አንድ ወገን ብቻ ስዕል ይዞ መምጣት ፍርድ አይደለም። መጋዘኑም ይታይ።"

"ልክ ነው! የእሳቸውም ይታይ!" አለ ሰው።

ፈቲያ ጆሮዬ ሥር "እንዳታደርጊው" አለችኝ። "ጠዋት ለማሳመር ስንሞክር አብዛኛውን ጨርሰነዋል። ለዛሬ የቀረን አንድ ብቻ ነው። መስኮቱን አጥፊበትና እንገላገል።"

ስልኩን አየሁት። አንድ ስዕል። የእኛን ክፍል አስተካክዬ ላሳይ እችላለሁ፤ ወይም በመጨረሻዋ ስዕል ክፍሉን የሚወስድብንን ሐሳብ አሳምሬ ልሥራለት። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይጠብቃሉ። እሳቸው የእኛን ስዕል አይተዋል፤ የእሳቸውን ማየት ይገባቸዋል።

"ይንገሩኝ ጋሽ ደምሴ" አልኩ። "የሚሉትን ብቻ ነው የምጽፈው። የእኔን ቃል አልጨምርም።"

"ጻፊ። ሲሚንቶ በከረጢት።"

"ምን ያህል?"

"ግማሹን ክፍል የሚይዝ።"

"ቁመቱስ?"

"እስከ ጣሪያው ነው የሚደረደረው። ነጋዴ ቦታ ያባክናል እንዴ?"

"በየት በኩል? ከበሩ ነው ከውስጥ?"

አሰቡ። "ለማራገፍ እንዲመች... በበሩ በኩል ነው የሚሆነው።"

"በሩን ሊዘጋው ነዋ!" አለ ከኋላ የቆመ ሰው።

"ማለፊያ ይተዋል። ጻፊ፣ ጠባብ ማለፊያ። የቀረው ግማሽ ለሕዝቡ ነው። ለቅሶም ቢመጣ ይበቃል።"

"እንግዲያው ለቅሶ አስገቢበት" አሉ እትዬ ጽጌ። "ያልተፈተነ ነገር አይታይም።"

"ይግባ" አሉ ጋሽ ደምሴ። የማይፈሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ቤቱ ሁሉ ጸሐፊ ሆነ። አንዱ "ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በል" ይላል፤ ሌላው "በል አትበላት፣ ሴት ናት፣ በይ ነው" ይለዋል። አንዷ "ንፍሮ በትሪ የያዘች ልጅ!" የፈቲያ አባት "ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሙስሊም ጎረቤቶችም አሉ፣ እኛን አትርሺ።" "ስንት ሰው?" አልኩ። "የእኛ ብሎክ ለቅሶ መች ከአርባ ሰው አንሶ ያውቃል!" አሉ እትዬ ጽጌ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በራሳቸው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩ። "ሥራው በለቅሶ ቀን አይቆምም፤ ነጋዴው አስቀድሞ ብሎኛል። ስለዚህ ከረጢት ተሸክመው የሚወጡ ሠራተኞችም ይግቡ። እኔ ውሸት አልወድም።"

"ኋላኛው ግድግዳስ?" አለች ፈቲያ።

"መስኮት የሌለው ድፍን ግድግዳ!" አለ ሰው በአንድ ድምፅ።

ከመላኬ በፊት የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እስከ ጣሪያ የተደረደረው ሲሚንቶ ላይ ስደርስ ጥቂት ሰዎች ተንቀሳቀሱ። ጠባቡ ማለፊያ ላይ አንዲት ሴት "እንዴ" አለች። አርባ ሰው ስል፣ ከዚያ ከረጢት የተሸከሙ ሠራተኞች በለቀስተኛው መሀል ሲያልፉ ስል፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ስዕሉ ገና አልመጣም። ሰው ግን አየው።

ላክሁት። ክቧ ምልክት መዞር ጀመረች። ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው፤ ትዞራለች፣ ትቆማለች፣ ትዞራለች። ሁሉም አንገቱን አስግጎ የፈቲያን ስልክ ያያል።

መጣ።

ሴቶቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ነጠላቸው አመድ የተነፋበት ይመስላል። አንድ ሠራተኛ ከረጢት ትከሻው ላይ አድርጎ በእናቶች ራስ ላይ እየተሻገረ ነው። ንፍሮ የያዘችው ልጅ ማለፊያው ላይ ተቀርቅራለች፤ ንፍሮው ራሱ ግራጫ ነው። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ፣ ይሄ የማሽኑ ስህተት ነው፣ ሦስት እጅ አላቸው።

"ሦስተኛው እጅ አቧራውን ለማራገፍ ነው" አለ አንዱ፣ ቤቱም ፈነዳ።

እትዬ ጽጌ ግን በትዝብት ዞሩ። "ደምሴ፣ እኔ ስሞት በዚህ መሀል ነው የምታስለቅስብኝ?"

ጋሽ ደምሴ ስዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ማሽኑ ዋሽቷል እንዲሉ ጠበቅኩ። አላሉም። "እጁን ተዉት" አሉ ቀስ ብለው። "የቀረው እኔ ያልኩት ነው። ቃል በቃል እኔ ያልኩት።" ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ያሸነፍን መሰለኝ። ፈቲያ እጄን ጨብጣዋለች። ያኔ ከኋላ ጥግ የማውቀው ድምፅ መጣ።

"ስዕሉ ጥሩ ነው" አለች እማዬ። "ስዕል ግን አይጠጣም። ውሃውስ?"

ሳቁ ሁሉ በአንዴ ጠፋ። አራተኛ ፎቅ ያሉ ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ነች፣ ልክም ነች፣ እኔም የቀረኝ ስዕል የለም። ስልኩን ለፈቲያ መለስኩና በሰው መሀል አልፌ ፊቷ ቆምኩ። ያለኝ ከትናንት ጀምሮ ስጠይቀው የቆየሁት ጥያቄ ብቻ ነበር።

"እማዬ፣ ምን እንዲሆን ነው የምትፈልጊው?"

"ውሃ ነዋ!"

"ምን ያህል? መቼ መቼ?"

ሰው ሁሉ እየሰማ መሆኑ ትንሽ አሳፈራት። ግን አሰበች። "ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ሁለት ጄሪካን። ማታ አንድ።"

"ማን ያውጣው?"

መልሷን በዓይኗ ሰጠችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ፈቲያን አየቻት። ከዚያ ጥግ ላይ የቆሙትን የጥናት ጓደኞቻችንን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰዉ ገባውና በሳቅ አበደ።

"እሺ" አልኩ። "ሞተሩ እስኪሠራ እዚህ የሚያጠና ሁሉ ለአራተኛ ፎቅ ውሃ ያወጣል።"

"ለእትዬ ጽጌም" አለች እማዬ፣ አሁን እንደ ደራሲ ሆና። "አንደኛ ፎቅ ቢሆኑም ጉልበታቸውን ያማቸዋል።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ሞተሩ በመዋጮ እንዲሠራ ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ሐሳብ አመጡ። ለበዓልና ለለቅሶ ክፍሉ ወዲያው እንዲለቀቅ፣ ከእርድ በኋላ ተማሪዎች እንዲያጥቡት ተባለ። እጅ አውጡ ሲባል ብዙ እጅ ወጣ። የእማዬ ቶሎ አልወጣም፤ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ፀጉሯን ነካካች፣ ከዚያ አወጣች። ጋሽ ደምሴ የቃለ ጉባኤውን ወረቀት ወደ እኔ ገፉት። "አንቺ ጻፊው" አሉ። "እኔ ከጻፍኩት 'ከላይ እንደተገለጸው' ይበዛበታል።"

እንግዲህ ታሪኩ ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው እያስቆመኝ ለኤአይ ስዕል እንዴት ነው የሚጻፈው ይለኛል። የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ ብዙ አይደለም። ውብ፣ ምርጥ፣ ዘመናዊ አትበሉት፤ የእናንተን ውብ አያውቅም። የቆማችሁበትን ንገሩት፦ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ፣ ሰዉ ምን እንደለበሰ፣ እጁ ምን እንደያዘ፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ ድፍን ይሁን ክፍት። ዝም ያላችሁትን እሱ ይሞላዋል፣ ደስ ባለው። ደግሞ የወጣውን ስዕል እንደ እውነት አትያዙት፤ ሦስት እጅ ያለው ሰው ይሠራል። እኔን የለወጠኝ ግን ስዕሉ አይደለም። ስዕሉ ሳይመጣ በፊት፣ የጻፍኩትን ሳነብ የወረደው ጸጥታ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ለዓመታት ሲነታረክ "ለሕዝብ ጥቅም"፣ "ለልማት" ይባባል ነበር፤ ሁላችንም የየራሳችንን ባሕር በመስኮት እያየን። ከረጢቱ የት ይቀመጣል ሲባል ነው የተያየነው። ይሄን ያደረጉት ደግሞ ቃላት ናቸው፣ ተራ ቃላት፣ እኔ የጻፍኳቸው!

አሁን ድርሰቶቼ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ቀንሷል። ሞተሩ ተሠራ ወይ ለምትሉ፣ ገና ነው፣ መዋጮው እየተሰበሰበ ነው፤ ክንዴን ብታዩት ግን ትደነግጣላችሁ።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ከሥራ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ "ለእኔም አንድ ጻፊልኝ እስቲ" አለችኝ።

"ምን ልጻፍልሽ?"

"የልብስ ስፌት ቤት። የራሴ።"

የፈቲያን ስልክ ይዤ ነበር፤ ከፈትኩት። "እሺ። ስንት ማሽን?"

"ሁለት።" ሌላኛውን ጫማዋን አወለቀች። "ሦስት አድርጊው።"

"አንዱ ላይ አንቺ ነሽ። ሁለተኛው ላይ?"

"አብራኝ የምትሠራው አስቴር። ፈጣን ናት።"

"ሦስተኛው ላይ ማን ይቀመጥ?"

እማዬ ጫማዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም መሰለኝ። "ቆይ፣ ላስብበት" አለችኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያሰበችበት ነው። ወጥ እያማሰለች ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ ትናንት ደግሞ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ከጎኔ ሆና በሹክሹክታ "ጻፊ፣ በሩ ሰማያዊ ነው" አለችኝ።